ልጄ ከእንግዶቹ እኩል የሚበላበት የልደት ጠረጴዛ

ልጄ ለኦቾሎኒና ለወተት ከባድ አለርጂ አለበት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ልደት በደረሰ ቁጥር ሆዱ ለሚባባ ወላጅ ነው። አለርጂ ያለበት ልጅ ጋብዞ "ምን ላቅርብ?" ብሎ ለተቸገረም ሰው ይሆናል። ያሳለፍነውን ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ ምግቡና ወደ መጠጡ እገባለሁ፤ ደስ የሚለው ክፍል እሱ ነው።

ነገሩ የደረሰው በራሳችን ቤት፣ በልደቱ ቀን ነው። ኦቾሎኒ እንደማይስማማው ቀደም ብለን እናውቅ ስለነበር ምግቡን በተለየ ሰሃን አዘጋጅተንለት ነበር። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ግን ለሌሎቹ ልጆች የኦቾሎኒ ቅቤና ዳቦ ቀርቧል። አንድ እንግዳ የልጄ ዳቦ ማርማላታ እንዳነሰው አየና በደግነት ፊቱ ባገኘው ቢላ ጨመረለት። ቢላው ኦቾሎኒ ነክቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የልጄ ከንፈር አበጠ። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ሳል ጀመረው፣ አስመለሰው። ለከባድ አለርጂ የሚወጋው የአድሬናሊን መርፌ እጃችን ላይ ስለነበር ወዲያው ወጋነው። አምቡላንስ ጠራን፤ ያን ሌሊት ሐኪም ቤት አደርን።

ወደ ድግሱ ከመሄዴ በፊት ይህችን ያዙልኝ። ከምግብ በኋላ ቆዳ፣ ትንፋሽና ሆድ በአንድ ጊዜ ሲታወኩ ነገሩ ተራ ማሳከክ አይደለም። ትንፋሽ ብቻውን ከተቸገረም መጠበቅ የለም። መርፌው የሚወጋው በጭን የውጭ ጎን፣ መሃል ላይ ነው፤ እንደ እስክሪብቶ የተሠራው ዓይነት በልብስ ላይም ይሠራል። ልጁን አጋድሙትና እግሩን ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ካቃተው ተደግፎ ይቀመጥ፤ ግን ተነስቶ እንዲሄድ አታድርጉት። የማሳከክ ኪኒን የመርፌውን ቦታ አይተካም። ልጁ የተሻለው ቢመስልም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም ቤት መሄድ የግድ ነው።

ከዚያ በኋላ በራችንን ዘጋን ማለት ይቻላል። እኛ ቤት ድግስ ቀረ። ሰው ሲጠራን ምሳ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ ጥግ ይዞ ይበላል። ሌሎቹ ልጆች ሲሻሙ፣ ሲቀማመሱ፣ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ እሱ ክዳኑን ከፍቶ ዝም ይላል። አንድ ቀን የጓደኛው ልደት ሲደርስ "እማዬ፣ ባልሄድስ?" አለኝ። ምን ሆነህ ስለው "እዚያ ሁሉም አብሮ ነው የሚበላው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ" አለ። የራበው ምግብ አልነበረም።

ይህን ልጄን ለሚከታተሉት የሥነ ምግብ ባለሙያ ነገርኳቸው። የመለሱልኝ ነገር አካሄዳችንን ለወጠው። "ለእሱ የተለየ ሰሃን ማዘጋጀቱን ተዪው። ጠረጴዛውን በሙሉ እሱ የሚበላው አድርጊው" አሉኝ። መጀመሪያ ከባድ መሰለኝ፤ ለሌሎቹ ልጆች የሚጎድልባቸው ነገር ያለ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ቢላው ታየኝ። ሁለት ዓይነት ምግብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካለ ማንኪያ ይቀያየራል፣ ፍርፋሪ ይወድቃል፣ የልጅ እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህን ማንም ዘበኛ ሆኖ ሊጠብቀው አይችልም። የሚያሰጋው ምግብ ጭራሽ ከሌለ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። እናትም ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። መጀመሪያ የማይስማማውን ከጠረጴዛው አውጡ፤ ቀጥሎ በቀረው ነገር ተጫወቱ። በብዛት አለርጂ የሚያመጡት የታወቁ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ፣ እንዲሁም እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር ምግቦች። ሰሊጥ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሜሪካ እንኳን በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ነው። ሁሉንም ማስወገድ አይጠበቅባችሁም። የእናንተ እንግዶች የማይስማማቸውን ብቻ እወቁ። የታሸገ ነገር ስትገዙ ጽሑፉን በየጊዜው አንብቡ፤ ባለፈው ወር ያነበባችሁት ዛሬ ሊቀየር ይችላል። "የኦቾሎኒ ቅንጣት ሊኖረው ይችላል" የሚል ካያችሁ መልሱት። ጽሑፉ የሌለው፣ ተፈታቶ በኪሎ የሚሸጥ ብስኩትና ከረሜላ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀን አይሆንም።

የጀመርነው በትንሹ ነው። ጥቂት ልጆች፣ አንድ ከሰዓት፣ ልደትም ምንም ያልሆነ ቀን። ይህን እመክራችኋለሁ። ከደነገጠ ቤት ትልቅ ድግስ አይወጣም፤ መጀመሪያ እናንተም ልጁም ልባችሁ ይመለስ።

ያን ቀን ያዳነን ፈንዲሻ ነው። ርካሽ ነው፣ ይጮኻል፣ ልጅ ይወደዋል። በቅቤ ፋንታ በዘይት ይሠራል። የበቆሎው ፍሬ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ። ሙቀቱ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ይበጥሰዋል። ፍሬው አየር እየገባው ከደረቀ ግን ውሃው ስለሚያንስ ግማሹ ሳይፈነዳ ድስቱ ሥር ይቀራል። ስለዚህ ፍሬውን በደንብ በሚገጥም ዕቃ ከድናችሁ አኑሩት። ስትሠሩ ዘይቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣሉ። እነሱ ሲፈነዱ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረውን ያኔ ጨምሩ።

ዋናው ጨዋታ ከዚያ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የወረቀት ከረጢት ስጡት። ጠረጴዛው ላይ በትናንሽ ጎድጓዳ ሰሃን ቀረፋና ስኳር፣ ካካዎና ስኳር፣ ጨውና የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ አስቀምጡ። መርጦ ይጨምርና ከረጢቱን አፍኖ ይነቀንቃል። የማን ይበልጣል የሚል ክርክር ይነሳል። ልጄ በዚያ ክርክር ውስጥ ሲጮህ ስሰማ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ይህን ያለፈበት ሰው ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ ያንቃል። ደረቅ ከረሜላም እንደዚያው ነው። ወይንና ትንንሽ ቲማቲም ክብና ሙልጭልጭ ስለሆኑ የሕፃን ጉሮሮ ላይ ልክ እንደ ቡሽ ይገጥማሉ። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ ከላይ ወደ ታች አራት ቦታ ሰንጥቃችሁ አቅርቡ። ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ደግሞ ማር የገባበትን ምንም ነገር አታቅምሱት፤ ማር ለዚያ ዕድሜ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ከፈንዲሻው በኋላ ድፍረት አገኘን። ልጄ በጣም የሚመኘው አይስክሬም ነበር፤ ወተት ስላለበት ቀምሶት አያውቅም። መፍትሔው ሙዝ ሆነ። ነጠብጣብ ያወጣ፣ በደንብ የበሰለ ሙዝ ልጣችሁ በስሱ ቁረጡ። በትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ በብሌንደር ፍጩት። መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይበታተናል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ውሃ ይጨምርበታል። ውሃ አትጨምሩ። እያቆማችሁ፣ ጎን ጎኑን በማንኪያ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ። ድንገት ይለወጥና ልስልስ ያለ ክሬም ይሆናል። አንድ ማንኪያ ካካዎ ከጨመራችሁ የቸኮሌት ይሆናል፤ የቀዘቀዘ እንጆሪ ከገባበት ሮዝ ይሆናል። ወዲያው ይበላል፤ ቆይቶ አያምርም። እንግዶቹ እያዩ ብትፈጩት ደግሞ ግማሹ ደስታ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ልጆች በጣም ወደሚወዱት ልምጣ። በከረጢት የሚሠራ የበረዶ ጁስ ነው። ማሽን አይፈልግም። ዚፕ ባላት ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጁስ አድርጉ፤ የማንጎ ወፍራም ስለሆነ ጥሩ ይወጣል። አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉትና በሌላ ላስቲክ ውስጥ ደግማችሁ ዝጉት። ከዚያ ትልቅ ላስቲክ እስከ ግማሹ በረዶ ሙሉ። ግማሽ ብርጭቆ ጨው ነስንሱበት። ትንሿን መሃሉ ከታችሁ ትልቁን ዝጉና ልጁ ይነቅንቀው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ጁሱ የሚበላ በረዶ ይሆናል።

ለምን እንደሚሆን ልጆቹ ይጠይቃሉ፤ እንድትዘጋጁ ልንገራችሁ። ጨው ውሃ በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ያደርገዋል። በረዶው ከዜሮ በታች እያለ መቅለጥ ይጀምራል። ለመቅለጥ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው በአጠገቡ ካለው ጁስ ነው። በረዶና ጨው በትክክል ሲመጣጠኑ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ በባዶ እጅ አይያዝም። ላስቲኩን በፎጣ ጠቅልሉት፤ ጓንት ካለም ይሻላል። ትንሿን ላስቲክ ከመክፈታችሁ በፊት ላይዋን በውሃ አለቅልቁ፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ጉርሻ ጨው ጨው ይላል። ሁለተኛው ላስቲክ የገባውም ጨዋማው ውሃ እንዳይሰርግ ነው።

ይህን የምወድበት ምክንያት አለኝ። ልጁ የሚበላውን በገዛ እጁ ሠርቶታል። ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። የሌላው ልጅ ማንኪያ ውስጡ አልገባም። አለርጂ ላለበት ልጅ ከዚህ የተሻለ አቀራረብ አላየሁም። ለጤናማውም ቢሆን ከትሪ አንስቶ ከመብላት የበለጠ ያስደስተዋል።

መጠጥ ላይም በዚሁ መንገድ ሄድን። ቀለሙን የሚቀይር ሎሚናት ልጆችን ያስጮኻል። ቀይ ጥቅል ጎመን፣ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ከትፋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆይና አጥልሉት፤ ብዙ ከተቀቀለ የጎመን ሽታ ያመጣል። ሲበርድ በበረዶ ማውጫ ሞልታችሁ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙት። ሐምራዊ በረዶ ይወጣላችኋል። ልጁ ብርጭቆው ውስጥ ይጨምረውና ሎሚናቱን ራሱ ያፈስበታል። በረዶው ሲቀልጥ የሎሚው አሲድ ቀለሙን ሮዝ ያደርገዋል። የጎመን ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ አትንገሩ። ጣዕሙ አይታወቅም፤ ስሙን ከሰሙ ግን የማይጠጡ አሉ። ጎመን የማይስማማው ልጅ አለመኖሩን ብቻ ከወላጆች ጋር ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለአዋቂዎች ደግሞ ደርብ የሠራ መጠጥ ያምራል። ወፍራም የማንጎ ወይም የእንጆሪ ጭማቂ ብርጭቆው ሥር አድርጉ። ብርጭቆውን በበረዶ ሙሉት። ከዚያ ጋዝ ያለው ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ከታች ያለው ስኳሩ ስለሚያከብደው አይደባለቅም። ናና ቅጠል አናቱ ላይ ሻጥ አድርጉ። ጋዝ ያለው ነገር ሁልጊዜ በጣም የቀዘቀዘ ይሁን፤ መጨረሻም ላይ ይግባ። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዙን ይይዛል፤ ሞቅ ካለ ግን ብርጭቆው ሳይደርስ ያልቃል።

በረዶ ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል። ለአንድ እንግዳ ግማሽ ኪሎ ያህል አስቡ፤ ለመጠጡም ለማቀዝቀዣውም ይበቃል። ትልልቅ በረዶ ከትንንሹ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ለጆግ የሚሆነውን በጎድጓዳ ዕቃ አቀዝቅዙት። በረዶ በእጅ አይነሳም፤ ጭልፋ ወይም መቆንጠጫ አጠገቡ አስቀምጡ። አልኮል የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ የልጆቹ መጠጥ ካለበት አርቃችሁ፣ በሌላ ዓይነት ብርጭቆ አድርጉት። ፍራፍሬ የተሰካበት የሚያምር ብርጭቆ ሲያዩ ልጆች ዝም ብለው ነው የሚያነሱት።

ኬኩ ዋናው ጭንቀቴ ነበር። ወተትና ቅቤ የሌለበት ኬክ ምን ይመስላል ብዬ ሰጋሁ። እንደ አጋጣሚ ለረጅም ጊዜ የኖረ አሠራር አለ፤ እንቁላልና ቅቤ በማይገኝበት ጊዜ ሰዎች የሚሠሩት ነው። አንድ ብርጭቆ ተኩል ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ደባልቁ። አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። መለኪያው በሙሉ በአንድ ብርጭቆ ይሁን፤ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ፣ በ180 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ስቴኪኒ ወግታችሁ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

ምስጢሩ አቼቶው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ጋዝ ነው፤ ኬኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ጋዙ ደግሞ አይጠብቅም። ኦቭኑ አስቀድሞ ይጋል፤ እንደተደባለቀ ወዲያው ይግባ። ስልክ ለማንሳት ከሄዳችሁ ኬኩ ተኝቶ ይቀራል። አቼቶው ሲበስል አይሸትም። ይህ ኬክ ስንዴ እንዳለበት ግን አትርሱ። ስንዴ የማይበላ እንግዳ ካለ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ልጆች ኩሽና ከገቡ ሊጡን መላስ ይፈልጋሉ። እንቁላል ስለሌለበት ችግር የለውም የሚሉ አሉ። ችግር አለው። ያልበሰለ ዱቄት ራሱ በሽታ አምጪ ጀርም ሊኖረው ይችላል። እኛ ለመላሻ የሚሆን የቀለጠ ቸኮሌት እንተውላቸዋለን። ቸኮሌቱ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ወተት የለውም አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ የወተቱ ቸኮሌት በሚሠራበት ማሽን ነው የሚሠራው። ጽሑፉን እዩ። ስታቀልጡት ጎድጓዳ ሰሃኑን በሞቀ ውሃ ላይ አድርጉ፤ ግን ጠብታ ውሃ እንዳይገባበት ተጠንቀቁ። ጥቂት ውሃ ከነካው ይጓጉላል። እንጆሪ አጥባችሁ የምትነክሩበት ከሆነ በደንብ አድርቁት።

ስለ ጄሊ ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤት ይበላሻል። ጥሬ አናናስ፣ ኪዊ ወይም ፓፓያ ጄሊውን የሚያረጋው ጀላቲን ውስጥ ከገባ አይረጋም። ፍሬዎቹ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አላቸው፤ ጀላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩትም ሾርባ ሆኖ ያድራል። የታሸገ አናናስ ግን በሙቀት ስላለፈ ይሠራል። እኛ ወደ አጋር ዞረናል፤ ከባሕር ተክል የሚሠራ ዱቄት ነው። የፍሬዎቹ ኢንዛይም አያበላሸውም፤ ፍሪጅም ሳይገባ ይጠነክራል። ጀላቲን ከእንስሳ ስለሚሠራ በእምነታቸውም ሆነ በምርጫቸው የማይበሉ እንግዶች አሉ፤ በአጋር ሁሉም ይስተናገዳል። አጋር ሲፈላ ብቻ ስለሚሟሟ በደንብ ይንተክተክ።

ጭስ የሚወጣው መጠጥ እንድሠራ ብዙ ሰው መክሮኛል፤ ደረቅ በረዶ የሚባለውን፣ ማለትም በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝን፣ ማለታቸው ነው። ለልጆች ድግስ አላደርገውም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የነካውን ያቃጥላል። ከተዋጠ ውስጥን ይጎዳል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከታፈነ ይፈነዳል። የጎመኑ በረዶ ይበቃናል።

ስኳርን በሚመለከት አያቶችም ጎረቤቶችም "ልጆቹ የሚያብዱት ከስኳሩ ነው" ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ ምርመራ ግን ስኳር የልጆችን ባሕርይ እንደማይለውጥ ነው ያሳየው። የሚያስሯሯጣቸው ጓደኛና ጨዋታው ነው። ለጥርስና ለሆድ ሲባል ስኳሩን ማብዛት ባይገባም፣ ስለሮጡ ብላችሁ ኬኩን አትንጠቋቸው።

ስለ መጠን የሚጠይቁኝ አሉ። ምሳ ወይም እራት የሚከተል ከሆነ በእጅ ከሚነሳው ትንንሽ ነገር ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 6 ይበቃል። ሌላ ምግብ ከሌለ ግን እስከ 12 አስቡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አታውጡ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ የወተት ነገርና የተቆረጠ ፍራፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ጀርም በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያወጣችሁ ተኩ፤ ሰሃኑን በበረዶ በተሞላ ትሪ ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ ውበትም ይሆናል። የተቆረጠ ፖም እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

እንግዶች ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ መታጠቢያው ነው። ይህን እኛ ቤት ጨዋታ አድርገነዋል፤ እጁን የታጠበ ልጅ የፈንዲሻ ከረጢት ይሰጠዋል። በሳሙናና በውሃ መሆን አለበት። በአልኮል የሚሠራው የእጅ ማጽጃ ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒን ቅሪት ከእጅ አያነሳም። ይህን ሳናውቅ ብዙ ጊዜ በእሱ ተማምነን ነበር።

መርፌው የት እንዳለ ድግሱ ላይ ቢያንስ አንድ ሌላ አዋቂ ይወቅ። እኛ ኩሽና በር ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ከፍታ እንሰቅለዋለን። መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ አይቆለፍም።

እንግዶች ምግብ ይዘው መምጣታቸው ሌላ ፈተና ነው። ባዶ እጁን መምጣት የማይሆንለት ሰው አለ፤ ደግነቱን መመለስ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ አስቀድሜ የሚያመጡትን እኔው እነግራቸዋለሁ። ከጥሪው ጋር የምልከው መልእክት ይኸውላችሁ፤ የልጁን ሁኔታ ቀይራችሁ እንዳለ ተጠቀሙበት፦

"ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እንጠብቃለን። ልጃችን ለኦቾሎኒና ለወተት ከባድ አለርጂ ስላለበት በዕለቱ የሚቀርበው ሁሉ ከሁለቱ ነፃ ነው፤ ኬክም አለ፣ በረዶም አለ። የእናንተ ልጅ የማይስማማው ነገር ካለ እስከ ረቡዕ ንገሩን፤ እሱንም እናወጣዋለን። የሆነ ነገር ይዛችሁ መምጣት ከፈለጋችሁ ያልተቆረጠ ፍራፍሬ ወይም በረዶ ያስደስተናል። ልጁ ከቤት ሲወጣ ኦቾሎኒ በልቶ ከሆነ እጁንና አፉን በሳሙና አጥባችሁ አምጡልን።"